የእትዬ ጎማ የልብ ምት

ሲስተር የሺመቤት በማርክ ቆንቋና ናት ብለው ተማሪዎቿ ያሟታል፤ እውነታቸውን ነው። በየዓመቱ ሰኔ ላይ የኮሌጁ ሚድዋይፍ ተማሪዎች የተግባር ፈተና ሲደርስ፣ በመጋረጃ በተከለለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ የበረኪናው ሽታ አፍንጫዋን እየሰነፈጣት፣ የቆርቆሮው ጣራ በቀትር ፀሐይ ሲንጣጣ እየሰማች ተፈታኝ ትጠብቃለች። አልጋው ላይ የተጋደመችው ነፍሰ ጡር አሻንጉሊት ናት። ተማሪዎቹ “እትዬ ጎማ” ይሏታል።

ደንቡ ቀላል ነው። ተማሪዋ የፅንስ ማዳመጫውን በአሻንጉሊቷ ሆድ ላይ አስደግፋ፣ ጆሮዋን አስጠግታ፣ ሰዓቷን እያየች አንድ ደቂቃ ትቆያለች። አሻንጉሊቷ የልብ ምት ስለሌላት ቁጥሩን የምትናገረው ፈታኟ ናት፤ ሁልጊዜም “መቶ አርባ” ትላለች። ሳይነገራት ቁጥር የጠራች ተማሪ ዋሽታለችና ዜሮ ታገኛለች። ደንቡን ያወጣችው ራሷ የሺመቤት ናት። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ማዋለጃ ክፍል ተረኛ ሳለች፣ ድካም አሸንፏት፣ ሳታዳምጥ “መቶ አርባ” ብላ ጽፋ ነበር። ሕፃኑ ሞቶ ተወለደ። ለማንም አልተናገረችም።

ዘንድሮ መጀመሪያ የገባችው ሐያት ነበረች። ደቂቃዋን ጨርሳ ቀና አለችና “መቶ አሥራ ስምንት” አለች። የሺመቤት በሸቀች፤ ዜሮዋን ጽፋ ሸኘቻት። ሁለተኛዋ “ዘጠና ስድስት” አለች። እሷም ዜሮ አገኘች።

ሦስተኛዋ “ሰባ” ስትል ግን የየሺመቤት እስክሪብቶ ወረቀቱ ላይ ቆመ። የጨረሱት በጓሮ በር ስለሚወጡ ተማሪዎቹ ተገናኝተው ሊመካከሩ አይችሉም። ጣራው መንጣጣቱን ካቆመ ቆይቷል፤ በበረኪናው ሽታ መሀል ደግሞ ሌላ ሽታ፣ በደንብ የምታውቀው የሽርት ውሃና የደም ሽታ፣ ቀስ እያለ ክፍሉን ይሞላ ጀመር። መስኮቱን ከፈተችው። ሽታው አልወጣም።

የመጨረሻዋ ትርሲት ነበረች። አምና ወድቃለች፤ ዘንድሮ ከወደቀች ትባረራለች፤ የሺመቤትም ይህን ታውቃለች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ስታዳምጥ ከንፈሯ እየቆጠረ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ፊቷ አመድ መሰለ።

“ሲስተር፣ አርባ ነው። እየቆመ ነው። ሐኪም ይጠራ!”

“ትርሲት፣ ይሄ ጎማ ነው።” አለች የሺመቤት። “ምንም አልሰማሁም በይኝና ላሳልፍሽ።”

በዚህ ሁሉ ዓመት ለማንም እንዲህ ብላ አታውቅም።

“ሰምቻለሁ። እባክዎ፣ አንዴ እርስዎ ያዳምጡት።”

“ውጪልኝ!”

ትርሲት እያለቀሰች ወጣች። የሺመቤት ዜሮዋን ጻፈች፣ ፈረመች፣ ወረቀቶቹን አስተካከለች፣ ደግማ አስተካከለች። ፈርታ ነበር። ሩብ ሰዓት ያህል ከቆየች በኋላ እንደ ምንም ተነሥታ፣ አንድ እጇን ሆዱ ላይ አሳርፋ፣ ጆሮዋን ማዳመጫው ላይ አደረገች።

ደቂቃው አለቀ። ምንም የለም።

“ተመስገን!” አለች፤ ሳቋም መጣ። ቀና ልትል ስትል ነው እጇ ሥር ያለው የጎማ ሆድ እንደ ሰው ገላ ሞቅ ያለ እንደነበር፣ አሁን ግን ቀስ በቀስ እየቀዘቀዘ መሆኑ የተሰማት።