ጠብቆ ወይስ ላልቶ

«አልደረሰም አልኩህ እኮ፤ ገና እርጥብ ነው» አለች ቀለም ነካሪዋ፣ እጇን እስከ ክርኗ ከሰማያዊው ጋን ሳታወጣ።

«ለካባው አይደለም የመጣሁት።»

«አራት ጊዜ ነከርኩልህ፤ ከዚህ በላይ ከጠቆረ ለብሰኸው ስትወጣ ሰው መብራት ይዞ ይፈልግሃል።»

የችሎቱ ጸሐፊ ሌላ ቀን ቢሆን ይስቅ ነበር። ጊዜው ሽማግሌው መስፍን አርፎ ልጁ በተተካ በሁለተኛው ዓመት፣ ክረምቱ በወጣ ሰሞን ነበር፤ አዲሱ ገዥ በግዞት ያሉ ሰዎች ፍርድ ሁሉ በጠቅላይ ዳኛው ፊት እንደገና እንዲነበብ አዋጅ አስነግሮ፣ ጸሐፊው የጻፈውን የሚያነብበት ተራ ለነገ ጠዋት ተቆርጧል። ካባውም ቢሆን፣ እውነቱን እንናገርና፣ ቀለም አንሶት አያውቅም፤ ለባለቤቱ ነው የነካሪዋን ደጅ መርገጫ ሰበብ ያነሰው።

«ስለ ኮርቻ ሰፊው ነው» አላት።

እጇ ጋኑ ውስጥ ቆመ። ኮርቻ ሰፊው እጮኛዋ ነበር፤ ተግዞ ከሄደ ስድስት ዓመት ሲሞላው አንድ ቃል አልላከላትም፤ እርሷ ግን እርሱ የሰፋላትን የቆዳ መቀመጫ በየማለዳው ታብሳለች፣ ማንንም አታስቀምጥበትም፤ ጸሐፊው ራሱ ስድስት ዓመት ሙሉ ቆሞ ነው ያናገራት።

«ያኔ የሰጠሽው ምስክርነት ትዝ ይልሻል?»

«እንዴት ይረሳኛል? በኬላው በር ሲመታ አየሁ አልኩ። የኬላ ሹሙ ሎሌዎች ሦስት ሆነው ሲቀጠቅጡት!»

«እንዳልሽው ጻፍኩት፤ ‹ሲመታ አየሁ›። ፊደል ግን መጥበቅና መላላት አያሳይም። የላይኛው ችሎት ላይ አንቺ አልነበርሽም፤ ዳኛው አንብብ ሲለኝ... አላልቼ አነበብኩት።»

ነካሪዋ ፊደል አልቆጠረችም፤ ጆሮዋ ግን የዋዛ አልነበረም። ቃሉን በአፏ ሞከረችው፤ አንዴ አጥብቃ፣ አንዴ አላልታ። በሁለተኛው ተመቺው መቺ ሆነ፤ የሹሙን ሎሌ የደበደበ ዐመፀኛ።

«እሱ እዚያ ቆሞ ሰማ?»

«ሰማ። ‹እሷ ናት እንዲህ ያለችው?› ብሎ ጠየቀ። ወረቀቱን አሳዩት፤ ሰማያዊ የጣትሽን አሻራ ሲያይ አመነ።»

«ለምን እንዲህ አደረግህ?»

ጸሐፊው ካባውን አየ። መልሱ እዚያ ገመድ ላይ ተሰቅሎ ያንጠባጥባል።

በማግስቱ ጸሐፊው ቃሉን አጥብቆ አነበበ፤ ያኔ ማላላቱንም በሕዝብ ፊት ተናዘዘ።

«በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ለምስክሮች ስንት ጊዜ አንብበሃል?» አሉ ጠቅላይ ዳኛው።

«ቁጥር የለውም፣ ጌታዬ። ለአንባቢው የሚያነብለት ነው የጠፋው።»

አዳራሹ ሳቀ፤ ዳኛው አልሳቁም። ጸሐፊው ከሥራው ተሻረ፤ ኮርቻ ሰፊው ይፈታ ተብሎ መልእክተኛ ተላከ። መዝገቡ ከዚህ ሁሉ ያስቀረው «ጸሐፊው ተሻረ፤ ግዞተኛው ተፈታ» የሚል አንድ መስመር ነው፤ ስድስቱ ዓመት የት እንደገቡ አልጻፈም፤ የዚያ መቀመጫ ቆዳ በመወልወል ብዛት መሳሳቱንም አልጻፈም። እኛስ ብንሆን፣ የጎረቤታችንን ነገር ለሌላው ስናቀብል፣ አንድ ፊደል ሳንነካ ስንቱን ቃል እንደምናላላ ማን መዝግቦልን ያውቃል?

የመልእክተኛው መንገድ ደርሶ መልስ ሃያ ቀን ነበር፤ በሠላሳኛውም ቀን ማንም አልመጣም። ያን ቀን የተሻረው ጸሐፊ ካባውን ሊወስድ መጥቶ እንደ ልማዱ ቆመ፤ የቆዳው መቀመጫ ደጅ ወጥቶ ከመንገዱ ዳር ተቀምጧል።

«አሁንም ትጠብቂዋለሽ?» አላት ቀስ ብሎ።

ካባውን አጣጥፋ ክንዱ ላይ ጣል አደረገችለት።

«እኔማ ጠብቄ ነው የኖርኩት፤ ያላላኸው አንተ።»