በወንድሟ ልክ የተነፋ

ቅጠል ከአቧራው ስትነሳ መጀመሪያ ያየችው የተላጠ ክርኗን ሳይሆን ብስክሌቱን ነበር። የዛፍ ሥሮች አግጥጠው የወጡበት ይህ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ዛሬም ጣላት። የፊት ጎማው ሥሮቹ ላይ እንደ ኳስ ነጥሮ መሪውን ከእጇ ነጠቃት። የብስክሌት ቡድኑ አሰልጣኝ ተወዳዳሪ የሚመርጠው ደግሞ ነገ ጠዋት ነው።

ቤተሰቡ «ቅጠል» የሚላት ቀላል ስለሆነች ነው። ብስክሌቱ የታላቅ ወንድሟ ነው፤ እሱ ደግሞ ግንድ ነው። የትከሻው አጥንት ተሰብሮ ክንዱ ከታሰረ ወዲህ፣ በእሱ ቦታ እሷ እንድትሞክር አሰልጣኙን የለመነው ራሱ ነበር። ብስክሌቱን ሲሰጣት የጠየቃት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፎርኩን እንዳትነካው። የፊት ጎማውን የያዘው ባለ ሁለት እግር ፎርክ በብረት ሞላ ፋንታ አየር ታጭቆበታል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ አየሩ ይጨመቅና ምቱን ያበርዳል። ወንድሟ ዋንጫ የወሰደው በዚያ አየር ነው።

ቤት ስትደርስ መዳፏ አብጦ ነበር። ወንድሟ ከበረንዳው ሆኖ አቧራዋን አየና፣ ችግሯ ፍርሃት እንደሆነ፣ ሥሮቹ ጋ ስትደርስ ፍሬን እንደምትይዝ ነገራት። አልያዘችም። ልትከራከረው አፏን ከፈተችና ተወችው። ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፋ፣ የፎርኩን እግር ያቀፈችውን፣ ፎርኩ ምን ያህል እንደሰመጠ የምታሳየውን የጎማ ቀለበት ወደ ታች ገፍታ ብስክሌቱ ላይ ተቀመጠች። ቀስ ብላ ወርዳ ስታይ ቀለበቷ ካለችበት ፈቀቅ አላለችም። ሩብ ያህል መስመጥ የሚገባው ፎርክ ሰው መቀመጡንም አላወቀ።

ትንሿን ፓምፕ ከዕቃ ቤት አምጥታ የፎርኩን የአየር መሙያ ክዳን ፈታችና ፓምፑን ገጠመችበት።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አላት።

«አየሩን ልቀንሰው ነው።»

«አትንኪው ብዬሻለሁ እኮ።»

«ብለኸኛል። ግን ይኼ ባንተ ልክ የተነፋ ነው። ለእኔ ድንጋይ ነው።»

«ስድን እንደነበረ አላገኘውም።»

ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ሐኪሙ መቼ ብስክሌት እንደሚነዳ ቁርጡን እንዳልነገረው ታውቃለች። ያ አየር፣ እሱ እስኪመለስ ድረስ፣ ቦታውን የሚጠብቅለት ይመስለዋል። ጣቷ የፓምፑ ማስተንፈሻ ላይ ቆየ።

«ስትድን እኔው ራሴ እሞላልሃለሁ» አለችውና ተጫነችው። አየሩ ፍስስ ብሎ ወጣ። ወንድሟ ተነስቶ ወደ ቤት ገባ።

መጀመሪያ ላይ አበዛችው። ግቢውን ዞራ ፍሬን ስትይዝ ፎርኩ ተንበረከከና በመሪው ላይ ሊጥላት ምንም አልቀረው። ጨመረችበት፤ አየሩ እንዲደላደል ፎርኩን ደጋግማ ወደ ታች ተጫነችው፤ ተቀመጠች፤ ወረደች፤ ቀለበቷን አየች። አሁን ደግሞ ጠጠረ። ጥርሷን ነክሳ እየቀነሰችና እየጨመረች ቆየች። ብስክሌቱ ግድግዳው ላይ እየተንሸራተተ ልኩን ያዛባባታል። ሆድ ባሳት፤ ግን አልተወችውም።

እንደገና ልትወጣ ስትል አንድ እጅ መሪውን ያዘው። ወንድሟ ነበር። የፊት ጎማውን በጉልበቶቹ አጣብቆ፣ በደህና እጁ ብስክሌቱን ቀጥ አድርጎ ያዘላት። ዓይኗን ግን አላየም።

«እግርሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊ» አላት። «አትወዛወዢ።»

እንዳላት አደረገች። ቀስ ብላ ስትወርድ ቀለበቷ ሩብ ላይ ቆማለች። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ቀለበቷን አየ።

«እኔ ብሆን ትንሽ እጨምርበት ነበር።»

እጁ ፓምፑ አጠገብ ነበር። ቅጠል ወንድሟን አየች፤ ፎርኩን አየች። እሺ ብትለው ደስ እንደሚለው ታውቃለች።

«ለእኔ ይበቃል» አለችና ክዳኑን መልሳ አጠበቀች።

ወንድሟ መሪውን ለቀቀላትና የግቢውን በር ሊከፍትላት ሄደ።