የሰሎሜ ገላጋዮች

ሰሎሜ የዚያን ቀን ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ የዓይኗን ቆብ ገለጥ ብታደርገው፣ ነጩ ቢጫ ሆኗል። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና «እመቤቴ፣ አሁንስ አይሁን» አለች። ለሰርጓ የቀረው አሥራ ሁለት ቀን ብቻ ነበር።

ቢጫውን ታውቀዋለች። በ2016 ከሞያሌ ኬንያ ውስጥ ወዳለው የሶሎሎ ሆስፒታል ስትሳፈር፣ «የወፍ በሽታ ይዟታል፣ ይጋባብናል» ብሎ አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ሾፌሩ ሶራ ነበር። የጋቢናውን በር ከፈተላት። መንገዱን ሙሉ አላወሩም፤ መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር ግን በዓይኑ ይቅርታ ይጠይቃት ነበር። እንግዲህ ፍቅር ሌላ ከየት ይጀምራል?

ደሟ ናይሮቢ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ አስረዳት።

«የሚተላለፍ አይደለም። በሽታ የሚወጉልሽ የሰውነትሽ ወታደሮች ተሳስተው የገዛ ጉበትሽን እየወጉት ነው። በሰው ሁሉ ውስጥ ገላጋይ ሴሎች አሉ፤ መሀል ገብተው ‹በቃ፣ ይሄ የራሳችን ነው› የሚሉ። ያንቺዎቹ ደክመዋል። ይህ ኪኒን ወታደሮቹን ያበርድልሻል። እኔ ሳልልሽ እንዳታቆሚው።»

ኪኒኑ ፊቷን ሞላው። የመድኃኒቱ ጠባይ ነበር እንጂ ጤና አልነበረም፤ ሞያሌ ግን የፋፋን ሰው በሽተኛ ብሎ አያውቅም። ምግብ ቤት ያላት እናቷ እታለማሁ በደስታ አበደች። «እንዲህ የተመቸው ሰው ምን ኪኒን ያስውጠዋል? ሙሽራ መድኃኒት ተሸክማ ባል ቤት ልትገባ ነው?» ሰሎሜም ማመን ፈለገች፤ ከሁለት ወር በፊት ተወችው። ሶራን «ሐኪሙ ጨርሰሻል አለኝ» አለችው። እሱም ይህንኑ ለእናቱ ለእማማ ቆቲሌና ጋብቻውን ለያዙት ሽማግሌዎች ምሎ ነገራቸው።

ረፋዱ ላይ ሶራ ሊያያት መጣ። ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳ ተቀበለችው።

«እስቲ ቀና በይ።»

«ብርሃኑ ወጋኝ።»

አገጯን በጣቱ ቀና አደረገው። ቢጫውን አየው።

«ኪኒኑስ?»

«ትቼዋለሁ። ሐኪሙ አቁሚ አላለኝም፤ ዋሽቼህ ነው።» እንባዋ ቀደማት። «በሐሰት አስማልኩህ። ሂድ፣ ተወኝ።»

«ወዴት ነው የምሄደው?» ብሎ ጮኸባት። «እኔን ያስፈራኝ መሐላው መሰለሽ? ብትሞቺብኝስ!»

ወደ ሆስፒታል ሊወስዳት መኪና ውስጥ ቁልፉን ሊያስገባ ሲል ሦስት ጊዜ ሳተ። «ህንሶዳቲን» አላት በኦሮምኛ፤ አትፍሪ ማለቱ ነው። እሱ ግን ከእሷ ይበልጥ ፈርቶ ነበር።

ሐኪሙ አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ይበልጥ አስደነገጣት። «ጉበትሽ ክፉኛ ተጎድቷል። ኪኒኑን እንደገና እንጀምራለን። ማገገሙን የሚነግረን ደምሽ ነው» አላት።

የሰርጉ ቀን ሆስፒታል አልጋ ላይ አለፈ። የዚያን ቀን እማማ ቆቲሌ መጡ። ሰሎሜ ስድቡን ለመቀበል ዓይኗን ጨፈነች።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ» አሉና ግንባሯን ሳሟት። «ሽማግሌዎቹን ለእኔ ተዪልኝ።»

በሳምንቱ ሐኪሙ ወረቀት ይዞ ገባ። ሰሎሜ የአልጋ ልብሱን ጨምድዳ ያዘች።

«ውጊያው መብረድ ጀምሯል» አለ። «ኪኒኑ ግን ምናልባት ዕድሜ ልክ ነው።»

ሐኪሙ ሲወጣ ሶራን ቀና ብላ ማየት ፈራች። ዕድሜ ልኳን ታማሚ የሆነች ሴት ማን ያገባል?

«ስንት ሰዓት ነው የሚዋጠው?» አላት።

«ጠዋት አንድ ሰዓት። ከቁርስ ጋር።»

ሶራ ትንሽ አሰበ። የሶሎሎ ተሳፋሪ የሚነሳው ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ነው፤ ሾፌር ሁሉ የሚሻማው ያንን ተራ ነው።

«እንግዲያው ከአንድ ሰዓት በፊት መኪና አላስነሳም» አላት። «ስትውጪው አይቼ ነው የምወጣው።»