ሁለት ጊዜ የተሰጠ ቃል

ሹክሹክታ የምትባል የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። እናንተ ከኋላ ያላችሁ፣ አትሳቁ! ትክክለኛ ስሟ አይደለም። ወንድ አያቷ ያወጡላት የቁልምጫ ስም ነው። ገና አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ የሰማችውን ሁሉ ጆሯቸው ሥር ገብታ ሹክ ትላቸው ነበር። የምትኖረው ከእናቷና ከታላቅ እህቷ ጋር፣ ከአንድ ትልቅ ፎቅ ሥር፣ ግማሹ መሬት ውስጥ በገባ ቤት ነው። በመስኮታቸው የሚታየው የመንገደኛ እግር ብቻ ነው። የስልክ ኔትወርክ እዚያ ቤት አይገባም። መደወል የፈለገ ሰው ደረጃውን ወጥቶ መንገድ ላይ መቆም አለበት።

አያቷ ሩቅ ከተማ፣ አጎቷ ዘንድ ነበሩ። ጉሮሯቸውን ታመሙ። ሐኪሞቹ፣ «ኦፕራሲዮን ካልሆኑ በሽታው ይገድላቸዋል፤ ከሆኑ ግን ድምፃቸው አይመለስም» አሉ። ኦፕራሲዮኑ ለሰኞ ተቀጠረ። ገባችሁ ልጆች? ከሰኞ ጀምሮ አያቷ አንዲት ቃል መናገር አይችሉም ማለት ነው። እናቷ ልትሄድ ለምና ነበር፣ ከሥራ አልፈቀዱላትም። ስለዚህ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሆስፒታል አልጋቸው ላይ ሆነው በቪዲዮ ሊደውሉ ተቀጣጠሩ። «ትንሿን ልጄን ሳልመርቃት ድምፄን ለማንም አልሰጥም» ብለው ነበር አያቷ።

ታላቅ እህቷን እታለም ነው የምትላት። እታለም ኮምፒውተር ቤት ትሠራለች። ለዚያች ለእሁዷ ጥሪ ብላ የዋይፋይ ሳጥን ይዛ መጣች። እናትየው ተቀብላ ከብረት ቁምሳጥኑ ጀርባ ወሸቀችው።

«ኧረ እማዬ! ብረት ሞገዱን ይበላዋል። መሐል ቤት፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ነው የሚቀመጠው።»

«እኔ ምኑም አይገባኝም። ብቻ እሁድ እንዳያሳፍረን!»

እታለም ሳጥኑን ከመደርደሪያው አናት ላይ አወጣችው። ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን የይለፍ ቃል ቀየረችው። «ይሄንን የሰፈር ውሻ ሁሉ ያውቀዋል» አለች። በምትኩ ረጅም ቃል አስገባች፤ አያታቸው ሹክሹክታን ባዩዋት ቁጥር የሚሏትን፣ «ሹክሹክታዬ ዛሬ ምን ሰማሽ» የሚለውን። ከዚያ ትንሿን አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻት።

«ስሚኝ። መስመራችን ቀጭን ናት፤ ሰው ከበዛባት ትታነቃለች። ይሄ ቃል ከዚህ በር አይወጣም። ጓደኛ ከመጣብሽ ለእኔ ንገሪኝ፣ ለብቻው ትንሽ የእንግዳ መስመር እከፍትላታለሁ። ቃል ስጪኝ።»

«ቃል ሰጥቻለሁ» አለች ሹክሹክታ። ያን ጊዜ ከልቧ ነበር። እኔም እመሰክርላታለሁ።

በማግስቱ ደረጃው ሥር የፎቁ ልጆች ገመድ ይዘላሉ። ገመዱም ጨዋታውም የአንዲት ልጅ ነው። አለቃ ነው የሚሏት፣ እንደ ስሟም ታዛለች።

«አንቺ፣ እናንተ ቤት ዋይፋይ ገባ አይደል?»

«አዎ!»

«ፓስወርዱስ?»

«አይነገርም። ለእታለም ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ውይ! እኛ ደግሞ ልናስዘልልሽ ነበር። በይ እንግዲያው ቁጭ ብለሽ እዪን።»

ቁጭ ብላ አየቻቸው። ሌላው እየሳቀ ሲጫወት ደረጃ ላይ ለብቻ መቀመጥ እንዴት እንደሚያም አውቃለሁ ልጆቼ። ቀላል ነው አልላችሁም። ግን እኮ «ቆዪ፣ እታለምን የእንግዳ መስመር ልለምንልሽ» ማለት ትችል ነበር! ይቺን ብቻ ብትል ኖሮ ዛሬ ይሄን ታሪክ አልነግራችሁም ነበር። እሷ ግን ተነሣች፣ ወደ አለቃ ጆሮ ተጠጋች፣ ሹክ አለቻት።

«ለማንም አትንገሪ፣ እሺ?»

«እኔ ልሙት!» አለች አለቃ።

ሹክሹክታ ያን ቀን እስኪደክማት ዘለለች። ቃል ሰጥታ፣ ቃሉን ሰጠች።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። አለቃ ለወንድሟ ነገረችው። ወንድሟ ለልብስ ሰፊው ነገረው። ልብስ ሰፊው ለዘበኛው፣ ዘበኛው ደግሞ ለጠየቀው ሁሉ። ሁሉም «ለማንም እንዳትናገር» እየተባባለ ፎቁን አዳረሰው።

ቅዳሜ ዕለት መስመሩ መንቀርፈፍ ጀመረ። እታለም ሳጥኑን አየችው፣ ከዚያ እህቷን አየቻት።

«ሹክሹክታ፣ ቃሉን ለሰው ነግረሻል እንዴ? አልቆጣሽም። እውነቱን ብቻ።»

«አልነገርኩም!»

ልጆች፣ እዚህ ላይ እኔ ራሴ ጨርቄን ጥዬ ማበድ ያምረኛል! ሳይቃጠል በቅጠል ነበር እኮ። «አዎ» ብትል እታለም እዚያው ቃሉን ትቀይረው ነበር፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ። እታለም ግን እህቷን አመነቻት። «እንግዲያው ከዋናው መስመር ይሆናል» ብላ ተወችው።

እሁድ ደረሰ። እናትየው ጥሩ ቀሚሷን ለበሰች። ሦስቱም ስልኳ ፊት ተደርድረው ተቀመጡ። ጠራ! አጎትየው ስልኩን ከፊታቸው ይዞላቸው አያታቸው ታዩ። ከስተዋል፣ አንገታቸው ላይ ፎጣ ተጠምጥሟል፣ ድምፃቸው እንጨት በሞረድ ሲፋቅ ይመስላል።

«ሹክሹክታዬ፣ ዛሬ ምን ሰማሽ?»

ልጅቷ አፏን ስልኩ ላይ ለጥፋ፣ «ሊመርቁኝ ነው ሲባል ሰማሁ፣ አባባ» አለቻቸው። ሳቁ፤ ሳቁም አሳላቸው። ከዚያ እጃቸውን ቀስ ብለው አነሡ።

«እንግዲያው ልመርቅሽ። እደጊልኝ። እግርሽን እንቅፋት አይንካው። እጅሽ የያዘው ይባረክ። አፍሽን ደግሞ...»

ቀጥ አሉ። አፋቸው እንደተከፈተ፣ እጃቸው እንደተነሣ ምስላቸው ደርቆ ቀረ። የስልኩ ፊት ላይ ትንሽዬ ክብ ትሽከረከራለች።

«አባባ? አባባ!»

በዚህ ጊዜ ከላይ፣ ከጣሪያው በኩል፣ ፎቁ በሙሉ «ጎል!» ብሎ ጮኸ። ለካ የኳስ ቀን ነው። ሰው ሁሉ በየቤቱ ስልኩን ይዞ፣ በእነሱ መስመር፣ ጨዋታውን እያየ ነበር።

እታለም ጣሪያውን ቀና ብላ አየች። ከዚያ ሹክሹክታን አየቻት። ዘላ ተነሥታ ሳጥኑን ነቀለች፣ መልሳ ሰካች፣ ቃሉን ቀየረች። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! ሳጥኑ ተረጋግቶ እስኪነሣ ሳትጠብቅ እናትየው ስልኳን ነጥቃ ደረጃውን በሩጫ ወጣች። ልጆቿም ተከተሏት።

መንገድ ላይ ቆመው ደወሉ። አጎትየው አነሣ።

«እህቴ፣ አሁን አስወጡኝ። የጥየቃ ሰዓት አልቋል፣ ከዚህ በኋላ እንዳይናገሩ ሐኪሙ ከልክሏል።»

«ተቋረጠብን እኮ! ምን አሉ?»

«መቋረጡን አላወቁም። ምርቃቱን እስከ መጨረሻው ብለው ጨረሱት። ከዚያ ጠበቁ። ‹አሜን የሚል የለም እንዴ?› አሉኝ። እኔ አሜን አልኳቸው። ‹አንተን አይደለም› አሉኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።»

ሹክሹክታ የእናቷን ክንድ ጎትታ ወደ ስልኩ ተንጠራራች። «ጋሼ፣ ስለ አፌ ምን አሉ?»

«እኔ እንጃ የኔ እናት። እያለቀስኩ ነበር፤ አልያዝኩትም።»

እዚያው መንገድ ዳር፣ ሰው እያያት፣ ሁሉንም ተናዘዘች፤ ገመዱንም፣ አለቃንም፣ ቅዳሜ የዋሸችውንም። እናቷ አልመታቻትም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ በቀሚሷ ጫፍ ፊቷን ሸፈነች። እናቷ ብትመታት ሹክሹክታ በወደደች ነበር።

«ቅዳሜ ጠይቄሽ ነበር እኮ» አለች እታለም። «ጠይቄሽ ነበር።»

ያን ማታ ሹክሹክታ ተንበርክካ ጸለየች። «እግዚአብሔር ሆይ፣ ድምፃቸውን ተውላቸው፣ ሁለተኛ አልዋሽም» አለች። ኦፕራሲዮኑ በደህና አለቀ። ድምፃቸው ግን ሄደ። እግዚአብሔር ንስሐዋን ተቀብሏታል፣ በዚህ አልጠራጠርም። የፈሰሰ ውሃ ግን አይታፈስም፤ ይሄንንም ልዋሻችሁ አልችልም።

ዛሬ የዚያ ቤት መስመር እንዴት ያለ መስመር መሰላችሁ! አዲሱን ቃል ከሦስቱ ሌላ የሚያውቅ የለም። እንግዳ ሲመጣ በእንግዳ መስመር ይገባል። አንዴም ተቋርጦ አያውቅም። በየእሁዱ አጎትየው ይደውላል፣ አያታቸውም ይታያሉ፤ የጢማቸው ፀጉር ሳይቀር አንድ በአንድ ይለያል። ድምፅ ብቻ የለም፤ ፊደል ስላልቆጠሩም ጽፈው አይነግሯትም። እጃቸውን ያነሣሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሹክሹክታ ጆሮዋን ስልኩ ላይ ትለጥፋለች፣ ምንም አትሰማም። አፏን ምን ብለው እንደመረቁላት እስከ ዛሬ አታውቅም። ከንፈራቸው ሲቆም ግን ጮክ ብላ፣ እየተንሰቀሰቀች፣ «አሜን» ትላለች።

ልጆቼ፣ የሰጣችሁትን ቃል ጠብቁ፣ ካጠፋችሁም በጠየቋችሁ ሰዓት እውነቱን ተናገሩ፤ ነገ ስትናገሩት ይቅርታ ታገኙበት ይሆናል እንጂ የጠፋውን አትመልሱበትም።