ለጀልባ የሚሆን ቺንጋ

እኔ ጂን፣ መንፈስ፣ ምናምን የሚባል ወሬ ሲጀመር ነጠላዬን አንስቼ የምወጣ ሴት ነኝ፣ ጎረቤቶቼ ያውቁኛል፣ እንዲያውም አንዴ እዚሁ ሱቄ በር ላይ ተቀምጣ ቤቷ ውስጥ ዕቃ የሚያንኳኳ ነገር እንዳለ የነገረችኝን ሴትዮ ሂጂና የአይጥ መርዝ ግዢ ብያት ስድስት ወር ተኮራርፈን ከርመናል። አሁን የምነግራችሁን ነገር ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ የድሬ ፀሐይ አናቷን መቷት ነው ብዬ እስቅ ነበር። እናንተም ከፈለጋችሁ ሳቁ፣ ብቻ ልጨርስላችሁ።

ሥራዬ ቺንጋ፣ ያን ሞተር የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ መሸጥ ነው። ከቀፊራ ገበያ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ያ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሆነው ወንዝ ዳር፣ ከወለል እስከ ጣሪያ ቺንጋ የተንጠለጠለባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ፣ የመኪናው፣ የወፍጮው፣ የውሃ መሳቢያው፣ የሚዞር ነገር ሁሉ ማዞሪያው እኔ ጋ አለ። አባቴ የባቡር ወርክሾፕ ሰው ነበር፣ ወንድ ልጅ ስላልነበረው ሙያውን እኔ ላይ ጨረሰው፣ ሾፌሮቹም እትዬ ቺንጋ ነው የሚሉኝ፣ ባለቤቴ ካረፈ ወዲህማ በስሜ የሚጠራኝ ሰው የለም። ያለኝ አንድ ልጅ ነው፣ ናትናኤል፣ እሱም ከሦስት ዓመት በፊት ጅቡቲ ወርዶ ዕቃ በሚያመላልስ ጀልባ ላይ የሞተር ሠራተኛ ሆኖ ቀረ። ና ብዬ ለመንኩት፣ ሱቁ ያንተ ነው አልኩት፣ አለቀስኩ፣ ተቆጣሁ፣ እሱ እሺ እማ፣ ለበዓል እመጣለሁ ይለኛል፣ በዓሉ ይመጣል፣ እሱ አይመጣም።

ድሬ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንዴት እንደምትሆን የኖረባት ያውቃል። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ይጠፋል፣ ግማሹ ጫቱን ይዞ በርጫው ላይ ይቀመጣል፣ ግማሹ እርጥብ አንሶላ ላይ ይተኛል፣ መንገድ ላይ ውሻ እንኳ አታዩም። እኔ ግን አልዘጋም፣ ለገበያ ብዬ እንዳይመስላችሁ፣ ማንም አይመጣም፣ ቤት ብሄድ የሚጠብቀኝ ግድግዳ ስለሆነ ነው። ሱቁ ውስጥ ቢያንስ ቺንጋ አለ።

ያን ቅዳሜ ሰባት ሰዓት አልፎ እዚያው ወንበሬ ላይ ሳንጎላጅ ከወንዙ በኩል የቺንጋ ጩኸት ሰማሁ፣ ጺጺጺ የሚለውን፣ ቺንጋ ሲንሸራተት የሚያወጣውን ድምፅ ማለቴ ነው፣ ከሥሩ ደግሞ ዱክ ዱክ ዱክ የሚል ከባድ ሞተር። የመኪና አልነበረም፣ እመኑኝ፣ እኔ መኪናን በድምፁ ከነሞዴሉ ነው የምነግራችሁ። የሆነ ሞኝ አሸዋ ሊጭን ገብቶ ተቀብሯል ብዬ አንገቴን አውጥቼ ባይ ወንዙ ባዶ ነው፣ አሸዋ፣ ፌስታል፣ አንድ አህያ፣ በቃ። ድምፁም ጠፋ።

ዞር ስል ሰውዬው ባንኮኒው ጋ ቆሟል።

እንዴት እንደገባ አላየሁም፣ ሱቄ በር አንድ ነው፣ በሩ ላይ የቆምኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ሽርጥ ያገለደመ፣ ጢሙን ሂና የተቀባ ሽማግሌ ሱማሌ ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው በቀን መቶ ታያላችሁ፣ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም፣ ብቻ በዚያ ሙቀት ፊቱ ላይ አንዲት ጠብታ ላብ አልነበረችም። እኛ ድሬዎች አንቱታ ብዙም አይሆንልን፣ እሱን ግን ሳላውቀው አንቱ አልኩት።

ለጀልባ የሚሆን ቺንጋ ፈልጎ እንደመጣ ነገረኝ። አባባ፣ ባሕሩን የት አስቀምጠውት ነው ብዬ ሳቅሁ፣ እሱ አልሳቀም። ስንት ዓይነት እንዳለ ጠየቀኝ፣ እኔ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም፣ ስለ ቺንጋ የሚጠይቀኝ ሰው ሳገኝ እንደ ቄስ ነው የምሰብከው፣ እያወረድኩ አሳየው ጀመር። ይሄ ባለ ጥርሱ ነው፣ ሞተሩ ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው፣ አንድ ጥርስ ከሳተ ሞተሩ ራሱን ይበላል። ይሄ ጠፍጣፋው ባለ ብዙ መስመሩ ነው፣ ለአዳዲሶቹ ሞተሮች፣ እንደ እባብ ተጠምዝዞ ብቻውን ሁሉንም ያዞራል። ይሄ ደግሞ የድሮው፣ ከላይ ሰፋ ከታች ጠበብ ያለው፣ የጀልባ ሞተሮች አብዛኞቹ ይሄን ነው የሚጎርሱት፣ የሚይዘውም በጎኑ እንጂ በሆዱ አይደለም፣ ለዚህ ነው ርዝመቱ ልክ ሆኖ ወርዱ ጠባብ ከሆነ የሚዞርበት ብረት ቦይ ውስጥ ሰምጦ የቦዩን መሬት የሚነካው፣ ያኔ ይንሸራተታል፣ ይጮኻል፣ ይግላል፣ ይበጠሳል።

"ከዚያስ?" አለኝ።

ከዚያማ የባሕሩን ውሃ ስቦ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ፓምፕ ይቆማል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ቀጥ ይላል፣ መኪና ቢሆን ዳር ይዘው ይቆማሉ አልኩት።

"ባሕር ላይ ዳር የለም" አለ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚያስተምረኝ ዓይነት።

ይሄኔ ነው ግድግዳው ላይ የተንጠለጠሉት ቺንጋዎች ሲወዛወዙ ያየሁት። ንፋስ የለም፣ መብራት ጠፍቶ ቬንትሌተሩ ከቆመ ቆይቷል፣ እነሱ ግን ሁሉም አንድ ላይ፣ ወዲህ ወዲያ፣ በጣም በዝግታ። ዓይኔን ጨፍኜ ገለጥኩ፣ ይወዛወዛሉ። ሰውዬው ከሽርጡ እጥፋት ውስጥ አሮጌ ቺንጋ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋልኝ።

የተበጠሰ ነው። ጎኑ እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ጀርባው ተሰነጣጥቆ ስንጥቁ ውስጥ ነጭ ጨው ደርቋል። ገልበጥ ባደርገው በነጭ ቀለም የተጻፈ ቁጥር አለበት፣ ከቁጥሩ ፊት ትንሽ መስቀል። ያችን መስቀል የማደርጋት እኔ ነኝ፣ በስመ አብ ብዬ ነው ሥራ የምጀምረው፣ እና እኔ ወደ ባሕር የላክሁት ቺንጋ በዕድሜዬ አንድ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዋሸኋችሁ መናገሬ ምን ይረባል። ከወር በፊት ናትናኤል ደውሎ የጀልባዬ ቺንጋ ተሰነጣጠቀ፣ በሲባጎ ለክቼዋለሁ፣ ይሄን ያህል ነው፣ ሰፊውን ላኪልኝ አለኝ። ሰፊው እዚያ ግድግዳ ላይ ነበረኝ። አይቼው አለፍኩና በዚያው ርዝመት ጠባቡን ጠቅልዬ ላክሁለት። አልተሳሳትኩም፣ እኔ በቺንጋ አልሳሳትም። ያስቸግረዋል፣ ይጮህበታል፣ ወደብ ላይ እያሉ ይበጠሳል፣ ከአለቃው ይጣላል፣ ሰልችቶት ወደ ቤቱ ይመጣል ብዬ ነው። ባሕር መሀል የሚለው ነገር በልቤ አላለፈም ብል ግን ውሸት ነው፣ አልፏል፣ አባረርኩት እንጂ። ብቻዬን መኖር ሰልችቶኝ ነበር።

"ይሄን ከየት አመጡት? ልጄ የት አለ?" አልኩት።

ሽማግሌው እጁን ዘርግቶ ከተደረደሩት መሀል ሰፊውን መረጠ፣ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው፣ ከዚያ ወደኔ ገፋልኝ።

"ለኔ አይሆንም አሁን" አለ። "ጥሩውን ለልጅሽ ላኪለት።"

የተበጠሰውን ሰብስቦ ወጣ። ልከተለው ብዬ ባንኮኒውን ዞሬ በሩ ላይ እስክደርስ ስንት እርምጃ ነው፣ አራት፣ መንገዱ ግን ወዲህም ወዲያም ጭር ብሏል። ተመልሼ ቺንጋው የነበረበትን ቦታ በጣቴ ነካ አድርጌ ቀመስኩት፣ ጨው ነው። ቺንጋዎቹ መወዛወዛቸውን ትተዋል።

ለናትናኤል ደወልኩ፣ ዝግ። ደወልኩ፣ ዝግ። እስከ ማታ ስንቴ እንደደወልኩ አትጠይቁኝ፣ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ነበር የምደውለው። አንድ ሰዓት ገደማ ራሱ ደወለ። ድምፁን ስሰማ እንዴት እንዳለቀስኩ፣ እሱም ግራ ገባው፣ እማ ምን ሆንሽ፣ ባትሪ ዘግቶብኝ ነው ይለኛል። የላክሁልህ ቺንጋ የት አለ አልኩት።

ይሄኔ ነገረኝ። ጠባብ መሆኑን ገና ሲፈታው አይቶ አስቀምጦት ነበር፣ በአሮጌው እየሠራ። አጠገባቸው የሚታሰር ሌላ ጀልባ ነበር፣ አዛዡ ሮብሌ የሚባል ሽማግሌ፣ ብቻውን የሚወጣ፣ ልጄን ሱማሊኛ ያስተማረው እሱ ነው። የሽማግሌው ቺንጋ ተበጠሰ፣ ለጊዜው ይሆነኛል፣ ስጠኝ አለው፣ ሰጠው።

"አምስተኛ ቀኑ ነው እማ፣ አልተመለሰም" አለኝ። "ጠባብ መሆኑን እያወቅሁ ሰጠሁት። እኔ ነኝ።"

ጢሙ ሂና የተቀባ ነው ወይ ልለው አፌ ላይ መጥቶ ተመለሰ፣ ግማሹ የባሕር ሰው ጢሙን ሂና ይቀባል፣ ምን ዋጋ አለው። አንተ አይደለህም ማለትም ነበረብኝ፣ ሁለት ቃል ነው፣ እሱም አልወጣም። እሱ ግን ቀጠለ፣ ሊፈልጉት ሊወጡ ነው፣ የራሳቸው ጀልባ ቺንጋ ደግሞ ሊበጠስ ደርሷል፣ ሰፊውን ቶሎ ላኪልኝ አለኝ። አትሂድ አልኩት። እማ፣ ሰውየው እንደ አባቴ ነበር፣ ብትልኪም ባትልኪም እወጣለሁ አለኝ። ቁርጡን ስለማውቅ በነጋታው በጠዋት ለአንድ ሾፌር ሰጥቼ ላክሁት፣ ያንኑ ሽማግሌው የገፋልኝን።

ማክሰኞ ጠዋት ወጡ፣ ሁለት ቀን ነው ብሎኝ ነበር። ዛሬ አራተኛው ቀን ነው፣ ስልኩ አይሠራም፣ ባሕር ላይ ስልክ አይሠራም ይሉኛል፣ አውቃለሁ። ሌሊት ሌሊት የማስበው አንድ ነገር ነው፣ ያ ሽማግሌ የመጣው ለልጄ አስቦለት ነው ወይስ ልጄን ሊጠራው፣ ቃሉን ገልብጬ ገልብጬ አያለሁ፣ ለሁለቱም ይሆናል። ቺንጋው ጥሩ ነው፣ ወርዱን ሦስቴ ለክቼዋለሁ፣ እሱን ማንም አይነግረኝም። ይምጣ ብቻ፣ ገና በሩ ላይ ሳለ፣ ሻንጣውን ሳያወርድ፣ አንተ አይደለህም፣ እኔ ነኝ እለዋለሁ።