ብረት ለብሶ የሰመጠው ደራሲ

እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1841፣ ሴፕቴምበር 14፣ ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አስራ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው ለሙኤል ትዌይትን ከሐይቁ ያወጡት። እህቱ ኬዚያ ያን ሰዓት አትረሳውም፤ ሐይቁ ዳር ያለው የሃርካስል ቤት ደወል ደውሎ ዝም ያለው ያን ጊዜ ነበር። ስድስት ሰዎች በገመድ ጎተቱት። ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ የጥንት ጦረኛ የብረት ልብስ ለብሷል። በቀኝ ወገቡ ያለው ሰይፍ ጭቃው ውስጥ ተሰንቅሮ ስላስቸገራቸው በግራ ጎኑ አገላብጠው አሳረፉት።

«ወንድሜ ብረት አይለብስም» አለች ኬዚያ። «ብረት በሚለብሱት ላይ ነው የሚስቀው።»

እውነቷን ነው። በየወሩ እየታተመ የሚወጣው ልቦለዱ በጥንት ተረት ሰክረው ጦረኛ ነን በሚሉ ባለጠጎች ላይ አገር ያስቅ ነበር። ከነዚያ ባለጠጎች አንዱ የሃርካስል ቤት ጌታ ሰር ፔሪግሪን ናቸው። የሰፈሩ ቄስ ሲልቫነስ ዶርን በቤተክርስቲያናቸው ሣጥን ውስጥ የአራት መቶ ዓመት ግጥም አገኘሁ ካሉ ወዲህ፣ ሰር ፔሪግሪን ግጥሙን ተከትለው በብረት ልብስ የሚደረግ የጥንት የፈረስ ግጥሚያ እያዘጋጁ ነበር። ለሙኤልንም በእንግድነት የጠሩት እሳቸው ናቸው።

ጀልባ ማሳረፊያው ውስጥ ከድንጋይ ሥር አንድ ወረቀት ተገኘ። ጽሕፈቱ የለሙኤል ነው፦ «በቃኝ። ሳቄ ሁሉ አለቀ። ውኃው ይውሰደኝ።»

ቄስ ዶርን አንብበው መለሱላት። «ልጄ ኬዚያ፣ ራሱን ላጠፋ ሰው የቀብር ጸሎት ማድረስ አልችልም።»

«አባታችን፣ እናታችንን የቀበሩልን እርስዎ ነዎት። ከጎኗ እንደ ውሻ ልጣለው?»

«ሕጉ የኔ አይደለም።»

ኬዚያ እግራቸው ላይ ወደቀች። እሳቸው እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

እኩለ ቀን ላይ የድንገተኛ ሞት መርማሪው ጆዛያ ፒኖክ በበቅሎ ደረሱ። አጭር፣ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሰው ናቸው። ከአስከሬኑ ጎን ተንበርክከው ብዙ ቆዩ፤ በጀርባ በኩል ያሉትን የብረት ልብሱን ማሰሪያዎች አንድ በአንድ ዳሰሱ፤ ከዚያ ወረቀቱን ለኬዚያ ሰጧት።

«ጽሑፉን የምትገለብጪለት አንቺ ነሽ አሉ። ምን ይታይሻል?»

ኬዚያ እንባዋን ጠርጋ አየችው። «አጥሯል ጌታዬ። ለማተሚያ ቤት የሚጽፍበት ወረቀት ከዚህ በአንድ ጣት ይረዝማል። ላዩ ላይ የገጽ ቁጥር ያደርግበታል።»

«ቁጥሩስ የታል?»

«ተቆርጧል።» የተቆረጠውን ጠርዝ በጣቷ ዳሰሰች። «ይሄ ኑዛዜ አይደለም! ከልቦለዱ የወጣ ገጽ ነው፤ ገና ካላሳየኝ ከአዲሱ ምዕራፍ።»

አዲሱን ምዕራፍ ክፍሉ ውስጥ ፈለጉት። የተገኘው ምድጃ ውስጥ አመድ ሆኖ ነው።

ሰር ፔሪግሪን ፈረሰኞቹን ከሚያሠለጥነው ከካፒቴን ቬን ጋር ከልምምድ ሲመለሱ መርማሪው በሩ ላይ ጠበቋቸው። ሁለቱም በግራ ወገባቸው ሰይፍ ታጥቀዋል።

«ሰድቦዎታል ይባላል» አሉ መርማሪው።

«ይስደበኝ እንጂ! በታሪኩ ውስጥ ያለው ሞኝ እኔ መሆኔን ለእንግዶቼ ሁሉ የምናገረው ራሴ ነኝ። እሱ ሞቶ ከእንግዲህ ስሜን ማን ያነሳል?»

«አንተስ ካፒቴን?»

«ፈሪ አድርጎ ጽፎኛል» አለ ካፒቴኑ። «ልገድለው ብፈልግ ግን በሽጉጥ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በምስክር ፊት ነበር። ሰው በብረት ጠቅልሎ ውኃ ውስጥ መክተት የኔ ሥራ አይደለም።»

ቄሱ መርማሪውንና ኬዚያን በመጻሕፍት ክፍላቸው ተቀበሉ። መርማሪው ስለ ግጥሙ ሲጠይቁ የቄሱ ፊት በራ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በቃላቸው አነበነቡ። «ከቀኝ ወገቡ ሰይፉን መዘዘ፣ ሐይቁም ስሙን ጠራ...»

«ከቀኝ?»

«የጥንቶቹ እንዲያ ነበሩ፤ ያበላሸው የዛሬ ወታደር ነው። ይኸው የጥንቱ ጦረኛ የሰር ጎዳርድ መቃብር!» ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የመዳብ ኅትመት ሥዕል፣ ሰይፉን በቀኙ ያደረገ፣ መቃብር ላይ የተጋደመ የድንጋይ ጦረኛ ያሳያል።

«መቃብሩን በዓይንዎ አይተውታል?»

«ለጉዞ ጤና የለኝም።»

ሰር ጎዳርድ የሚለውን ስም ስትሰማ ኬዚያ ደነገጠች። ከቤት እንደወጡ መርማሪውን እጅጌያቸውን ይዛ አስቆመቻቸው። «ቅዳሜ ለሙኤል ከሩቅ መንገድ መጣ። ‹ኬዚያ፣ የሰር ጎዳርድን ድንጋይ አየሁት!› ብሎ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ምኑ አሳቀህ ብዬ ስጠይቀው፣ ‹በአዲሱ ምዕራፍ ታነቢዋለሽ› አለኝ።»

መርማሪው ወዲያው ወደ መቃብሩ ፈረሰኛ ላኩ።

ረቡዕ ጠዋት በአራት ሰዓት የምርመራው ሸንጎ የሚቀመጥበት የመንደሩ መጠጥ ቤት ጢም ብሎ ሞላ። አስራ ሁለቱ የፍርድ ሸንጎ ሰዎች አግዳሚ ወንበር ላይ ተደረደሩ፤ አለቃቸው አንጥረኛው ነው። የብረት ልብሱ ከነሰይፉ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ኬዚያ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። እነዚህ ሰዎች ራሱን ገደለ ካሉ ወንድሟ ያለ አንድ ቃል ጸሎት አፈር ይገባል።

«መጀመሪያ ወረቀቱ» አሉ መርማሪው፣ ከሌላ የለሙኤል ወረቀት ጋር እያስተያዩ። «የሚሞት ሰው የገጽ ቁጥር ቆርጦ አይጥልም። ሁለተኛ፣ የዚህ ልብስ ማሰሪያ ያለው ከጀርባ ነው። አንጥረኛ፣ ሰው ብቻውን ሊያስረው ይችላል?»

«በቅሎዎ ራሷን መጫን ከቻለች፣ እሱም ይችላል» አለ አንጥረኛው። ሰው ሳቀ። ኬዚያ ብቻ አልሳቀችም።

«እንግዲህ ያለበሰው ሰው አለ። ያ ሰው ሰይፉን በቀኙ አስታጠቀው፤ ለሙኤል ግን የሚሠራው በቀኝ እጁ ነው፤ በቀኝ እጁ የሚመዝ ሰው ደግሞ ሰይፉን በግራ ወገቡ ይታጠቃል። ሰር ፔሪግሪንና ካፒቴኑ በጋውን ሙሉ ሰይፍ ሲመዙ ከርመዋል፤ እንዲህ አይሳሳቱም። የሚሳሳተው ጦረኛን ከሥዕል ብቻ የሚያውቅ ነው።»

ቄስ ዶርን ቀና አሉ። «ስህተት አይደለም፤ መቃብሩ...»

«ፈረሰኛዬ መቃብሩን አይቶ ዛሬ ንጋት ላይ ተመለሰ። የድንጋዩ ሰይፍ በግራ ነው። መዳብ ላይ የተቀረጸ ሥዕል ሲታተም ግራው ቀኝ ይሆናል፤ የርስዎ ሥዕል ቀራጭ ያን ዘነጋ። ሥዕሉ የታተመው ከሃያ ዓመት በፊት ነው። ታዲያ አባታችን፣ የአራት መቶ ዓመት ግጥም የሃያ ዓመት ስህተት ከየት ተማረ?»

ሰር ፔሪግሪን አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

«ግጥሙን የጻፉት እርስዎ ነዎት። ለሙኤል ደረሰበት፤ ምዕራፉም ስለዚያ ነበር።»

ቄሱ ወደ ኬዚያ ዞሩ። «ሰኞ ማታ፣ ሳይጨልም ነው። እንዳያትመው ለመንኩት፤ እንደ ልጅ አለቀስኩ። አዘነልኝ፤ ‹አስብበታለሁ› አለኝ። የብረቱን ክብደት ማወቅ ስለፈለገ እኔው አለበስኩት፤ ጀልባ ማሳረፊያው ጫፍ ላይ ቆመን ሰይፉን አስታጠቅኩት። ወደ ወገቡ አየና ሳቀ። ያን ሳቅ ብቻ ነው የገፋሁት... እሱን አልነበረም።»

«ስንት ጊዜ ተጣራ?» አለች ኬዚያ።

ቄሱ ጠረጴዛው ላይ ካለው ብረት ዓይናቸውን አሸሹ፤ ኬዚያ ቀጠለች።

«ምዕራፉን ያቃጠሉት፣ ወረቀቱንም የቆረጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጸሎት የከለከሉኝም።»

«ግጥሙ ያምር ነበር ኬዚያ» አሉ ቄሱ። «የኔ ነው ብል ማንም አያነበውም ነበር።»

አስራ ሁለቱ ለመምከር ከወንበራቸው እንኳ አልተነሱም።

ለሙኤል ዓርብ ቀን ከእናቱ ጎን ተቀበረ፤ ጸሎቱን ከጎረቤት ሰፈር የመጣ ቄስ አደረሰለት። ሲልቫነስ ዶርን በማርች ወር ተሰቀሉ። ልቦለዱ አዲሱ ምዕራፍ ከተቃጠለበት ቦታ አላለፈም። የቄሱ የሐይቁ ጦረኛ ግጥም ግን በዚያው ዓመት ሁለት ጊዜ ታትሞ አለቀ።