ማግኔቷን ማን ለጠፋት?

ማግኔቷ ብብቷ ውስጥ ናት። ከኋላዋ ፎርማኑ ይከተላታል።

«ዓይነርግብ» አልሮጠችም። የሚሮጥ ስደተኛ ሌባ ነው። የሚራመድ ስደተኛ ግን እንደ ግድግዳ ነው፤ ማንም ልብ አይለውም።

ዓይነርግብ የስለላ ስሟ ነው። ለፋብሪካው በመጭመቂያ ማሽን የድስት ክዳን የምታወጣ ሠራተኛ ናት። የላካት የሥራ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱ ነው። ራሷም ስደተኛ ስለሆነች ማስረጃ ካመጣች የመኖሪያ ፈቃድ ቃል ተገብቶላታል።

ማስረጃው ይቺው ማግኔት ናት። መጭመቂያው መከላከያ በሩ ሲከፈት መቆም ነበረበት። ማግኔቷ የበሩ ጠቋሚ ላይ ስትለጠፍ ግን ማሽኑ በሩ የተዘጋ ይመስለዋል። ሥራው ይፈጥናል። ጣት ማሽኑ ውስጥ ይቀራል።

ፎርማኑ ወደ መጸዳጃ ቤት ታጠፈ። ተነፈሰች።

ምሳ አመላላሹ መኪናውን ግቢው ውስጥ አቁሟል። ምሳው ሽፋን ነው፤ የስለላ አለቃዋ እሱ ነው። «አጎቴ» ትለዋለች። ማግኔቷን ከባዶ ሳህን ስር ሸጎጠችለት።

«ጎበዝ። ማን ለጠፋት?»

«ፎርማኑ ነው የሚያስለጥፈው።»

«የለጠፈውን እጅ ነው የጠየቅኩሽ። ክፍል የምትጋራሽ ሴትዮ ናት አሉ። «አዎ፣ እሷ ናት» በይና የመኖሪያ ወረቀትሽን ነገ ውሰጂ።»

ያኔ ገባት።

መሥሪያ ቤቱና ባለፋብሪካው ተስማምተዋል። ማሽኑ ይታሸጋል፤ ጥፋቱ አንዲት ስደተኛ ላይ ተላክኮ እሷ ከአገር ትባረራለች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን። ሴትዮዋ ደግሞ እትዬ ናት፤ ሥራውን ያስተማረቻት፣ ልጆቿን በዚህ ደመወዝ የምታሳድግ።

ፎርማኑ ተመልሶ ከኋላዋ ቆሟል።

ዞረች።

«ጋሼ፣ ማግኔቷን የለጠፍኳት እኔ ነኝ።»

ፎርማኑ ውሸት መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። ግን አንድ ጥፋተኛ ይበቃው ነበር። አጎቴ አፉን ከፈተ፣ መልሶ ዘጋው። «የእኔ ሰላይ ናት» ማለት የስምምነቱን ጉድ በራስ አፍ ማውጣት ነው።

በማግስቱ መጭመቂያው ታሸገ። ተልእኮ ተፈጸመ ይሉታል ይሄን።

ዓይነርግብና በሌላ ሰበብ ከአገር የሚባረሩ ስደተኞች በር ላይ ተሰልፈው ሳለ እትዬ አጥሩን ተጠግታ ጠራቻት።

«ማን ለመነሽ?» አለች ጥርሷን ነክሳ። «ነገ በወዲያኛው ክፍል ሌላ ማሽን ላይ ያስለጥፉኛል። ያንቺ መባረር የማንን ጣት አዳነ?»

እትዬ ሹራቧን አውልቃ በአጥሩ ላይ ወረወረችላት።

«ልበሺው፣ ጅል። መንገዱ ይበርዳል።»

በበሩ አዲስ ሠራተኞች የጫነ አውቶቡስ እየገባ ነበር። አንዷ በመስኮት አየቻት፤ ወዲያው ዓይኗን ወደ ፋብሪካው መለሰች። ዓይነርግብ ሹራቡን አጠለቀች፤ አንገቷን ደፍታ ከተሰለፉት መሀል ገባች።